መልስ፦ የሬክሚሬ አስከሬን ካልተገኘበት ለምን መቃብር ይባላል?

ወንድሜ፣ ጥያቄዎ ተገቢ ነው። ሬክሚሬ በጥንታዊቷ ግብፅ በ18ኛው ሥርወ መንግሥት፣ በ3ኛው ቱትሞስና በ2ኛው አሜንሆቴፕ ዘመን ቪዚር፣ ማለትም ከፈርዖን ቀጥሎ ያለ ሹም ነበር። በሉክሶር ምዕራባዊ ዳርቻ፣ በሼክ አብድ ኤል ቁርና ኮረብታ የተፈለፈለው ቁጥር 100 መቃብር የቀብር ጉድጓድ ባይገኝበትም፣ የባላባቶች መቃብር የላይኛው ክፍል ቤተሰብ ለሟች መባ የሚያቀርብበትና ስሙን የሚያስታውስበት ስፍራ ስለነበር መቃብር መባሉ ስህተት አይደለም።

በእኔ እምነት ትልቁ ሀብቱ ግድግዳው ነው። የቪዚሩ ሹመትና የሥራ ድርሻው በሰፊው ተጽፎበታል፤ ከጽሑፉ ባልተናነሰ ሥዕሎቹም ይናገራሉ። በአንደኛው ከኑቢያና ከሶርያ የተማረኩ ሰዎች ከኩሬ ውሃ ሲቀዱ፣ ጭቃ ሲያቦኩ፣ ጡቡን በእንጨት ቅርጽ አውጥተው ፀሐይ ላይ ሲደረድሩ ይታያሉ፤ ጡቡም ለአሞን ቤተ መቅደስ ሥራ የሚውል ነበር። በሌላው ደግሞ የቀርጤስ፣ የኑቢያ፣ የሶርያና የፑንት ሰዎች ግብር ይዘው ተሰልፈዋል፤ ኑቢያውያኑ ከሚነዷት ቀጭኔ አንገት ላይ ጦጣ ተንጠልጥላለች። ፑንትን ብዙ ምሁራን በደቡባዊው ቀይ ባሕር አካባቢ፣ በእኛው ቀጠና ስለሚያስቀምጧት፣ እነዚያን ዕጣን የያዙ ሰዎች በተለየ ትኩረት እንዲመለከቷቸው እመክራለሁ።

ወደ ውስጥ ሲዘልቁ የረጅሙ መተላለፊያ ጣሪያ ቀስ በቀስ እየጨመረ 8 ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ ስለዚህ የላይኛዎቹን ሥዕሎች ለማየት ጥሩ ብርሃን ያስፈልጋል።