መልስ፦ ስፓይክ የተለወጠው ለፍቅር ብቻ ነውን?

ወዳጄ፣ በ«ቡፊ» የቴሌቪዥን ድራማ ገዳይ ቫምፓየር (ደም መጣጭ) የነበረው ስፓይክ የተለወጠው ቫምፓየሮችን የምትገድለውን ቡፊን ለማግኘት ብቻ ነው ወይ ብለሃል። መነሻው እርሷ መሆኗን አልክድም። በድራማው ቫምፓየር ነፍስ፣ ማለትም ሕሊና፣ የለውም፤ ሌላው ቫምፓየር ኤንጀል ነፍሱን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1898 በእርግማን፣ ሳይወድ በግድ ነው። ስፓይክን ግን በመጀመሪያ ከግድያ ያገደው ወታደሮች ጭንቅላቱ ውስጥ የቀበሩት መሣሪያ ነበር፤ ሰው በመታ ቁጥር እርሱ ራሱ በሕመም ይወድቃል። ይህ ልጓም እንጂ ንስሓ አይደለም። ቡፊ ከሞት ከተነሣች በኋላ ደግሞ መሣሪያው በእርሷ ላይ አልሠራም፤ ውሎ አድሮም ሊደፍራት ሞከረ። ያንን በደል «ፍቅር ነው» ብሎ የሚያለባብስለትን ተመልካች ፈጽሞ አልቀበልም። ወደ አፍሪካ ተጉዞ በዋሻ ውስጥ ከባድ ፈተናዎችን የቻለው ከዚህ በኋላ ነው፤ ነፍሱንም በፈቃዱ ያገኘው በዚያ ነው። በ2003ቱ የመጨረሻ ክፍል ቡፊ እንደምትወደው ስትነግረው አላመናትም፤ ስላለችው ብቻ አመሰገናት፤ ሌሎችን ለማዳንም እየነደደ ቀረ። እኔን ያሳመነኝ ይህ ነው፤ ፍቅሯን እንደማያገኝ እያወቀ አደረገው።