ክብደት ከቀነስኩ በኋላ ረሃቡ ለምን ባሰብኝ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ34 ዓመት ሴት ነኝ። በስድስት ወር ውስጥ 12 ኪሎ ቀነስኩ። ከዚያ ወዲህ ግን ረሃቡን አልቻልኩትም፤ በልቼም አልጠግብ። አንድ ሰው «አእምሮሽ ውስጥ የረሃብ ጂን ተከፍቶ ነው» አለኝ። እውነት ነው? የጂን ምርመራ ላድርግ?

መልስ፦ የተባሉት ነገር ከእውነቱ ብዙም አይርቅም። ግን ጂንዎ አልተለወጠም፤ የተለወጠው አነባበቡ ነው።

እያንዳንዱ የአንጎል ሴል ዲኤንኤውን በሙሉ ይዟል፤ የሚያነበው ግን ጥቂቱን ነው። የቱ ጂን፣ ምን ያህል እንደሚነበብ የሚወስኑት ትራንስክሪፕሽን ፋክተር የሚባሉ ፕሮቲኖች ናቸው። ጂኑ አጠገብ ባለው ዲኤንኤ ላይ ይጣበቁና ወይ ያስነሱታል፣ ወይ ዝም ያሰኙታል።

የምግብ ፍላጎትን በሚቆጣጠረው የአንጎል ክፍል፣ በሃይፖታላመስ ውስጥ ሁለት ዓይነት ሴሎች ጎን ለጎን አሉ። አንዱ ፖምክ የተባለውን ጂን አንብቦ የጥጋብ መልእክት ያዘጋጃል። ሌላው ኤጂአርፒ የተባለውን የረሃብ መልእክት ይሠራል። እነዚህ መልእክቶች ኒውሮፔፕታይድ ይባላሉ።

የሰውነት ስብ ሌፕቲን የሚባል ሆርሞን ያመነጫል። ሌፕቲን እነዚህ ሴሎች ጋ ሲደርስ ስታት3 የተባለው ፋክተር ይነቃል። ዲኤንኤው ወዳለበት የሴሉ እምብርት (ኒውክለስ) ይገባና ፖምክን ከፍ፣ ኤጂአርፒን ዝቅ ያደርጋል። ፎክስኦ1 የተባለው ደግሞ ተቃራኒውን ይሠራል፤ እሱን ከኒውክለስ የሚያስወጣው ኢንሱሊን ነው። እርስዎ 12 ኪሎ ሲቀንሱ ሌፕቲንዎም ኢንሱሊንዎም ወርዷል። ስለዚህ ስታት3 ደከመ፣ ፎክስኦ1 ተመቸው፤ የጥጋቡ መልእክት ቀንሶ የረሃቡ በረታ። ዝርዝሩ በአብዛኛው የታወቀው በአይጦች ላይ ነው፤ ክብደት ሲቀንስ ሌፕቲን መውረዱ ግን በሰውም ላይ ተረጋግጧል።

ይህን ያስረዘምኩት አውቄ ነው። «ሆዴን መግዛት አቃተኝ» እያሉ አንገታቸውን ደፍተው የሚመጡ ብዙ ታካሚዎች አያለሁ። ሆዳምነት አይደለም፤ አንጎልዎ የጠፋውን ስብ ሊያስመልስ እየታገለ ነው።

የጂን ምርመራው አያስፈልግዎትም። ፖምክ ከነጭራሹ ሲበላሽ ከባድ ውፍረት ገና በሕፃንነት ይጀምራል፤ ከኩላሊት በላይ ያለው የአድሬናል እጢ ሆርሞን እጥረትም አብሮ ይመጣል። ለእነዚህ ሰዎች ሴትሜላኖታይድ የተባለ መድኃኒት በ2020 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዷል።

ለጊዜው ምግብዎን ከዚህ በላይ አይቀንሱ። በየማዕዱ ፕሮቲንና አሰር ያለው ምግብ ይኑር፤ እንቅልፍዎንም አያጓድሉ። ረሃቡ ካልበረደ ፍላጎትን ስለሚቀንሱ መድኃኒቶች ሐኪምዎን ያነጋግሩ። የውሃ ጥም፣ ቶሎ ቶሎ መሽናት ወይም የልብ ምት መፍጠን ካለ፣ ወይም እየበሉም ክብደትዎ መውረዱን ከቀጠለ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ስኳርዎንና ታይሮይድዎን ይመርመሩ።