ኢናላፕሪልና ደረቅ ሳል፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ እናቴ ለግፊት ኢናላፕሪል ከጀመረች ወዲህ ደረቅ ሳል ሌሊት አላስተኛ ብሏታል። ሽሮፕም አንቲባዮቲክም ሞከርን። ጎረቤት «ክኒኑን ትተወው» ይላል።

መልስ፦ በጎረቤት ምክር አትተወው። ሳሉ ግን ከክኒኑ ሊሆን ይችላል። ከሆነ ሽሮፑም አንቲባዮቲኩም አይፈይዱም።

ኤሲኢ የሚባል ኢንዛይም አለ። ሥራው ፔፕታይድ፣ ማለትም አጫጭር የፕሮቲን ሰንሰለት መቁረጥ ነው። 10 አሚኖ አሲድ ካለው አንጂዮቴንሲን አንድ ላይ 2ቱን ይቆርጣል። የሚቀረው ባለ 8ቱ አንጂዮቴንሲን ሁለት ደም ሥር እያጠበበ ግፊት ይጨምራል። ኢናላፕሪል ኢንዛይሙ የሚቆርጥበት ቦታ ላይ ይሰካል፤ መቀስ መሀል እንደገባ ጠጠር። ቆረጣው ይቀንሳል፣ ግፊቱም ይወርዳል። ችግሩ፣ ይኸው ኢንዛይም ብራዲካይኒን የሚባል ሌላ ፔፕታይድም ይቆርጥ ነበር። ያ ሳይቆረጥ ሲከማች ጉሮሮንና የአየር ቧንቧን ይቆጠቁጣል።

እናትሽን ወደ ሐኪሟ ውሰጃት፤ ሳሉን ሳትደብቁ ንገሩት። በሎሳርታን ሊቀይርላት ይችላል። ሎሳርታን ኢንዛይሙን አይነካም፤ አንጂዮቴንሲን ሁለት የሚያርፍበትን ቦታ ነው የሚዘጋው። ደግሞ 2 ሳምንት ያለፈው ሳል የቲቢ ምርመራም ይፈልጋል። ሁሉን በክኒኑ አታሳብቡ።

በጣም የሚያስቆጨኝ ዝም ብሎ ማቋረጥ ነው። ግፊት ሲወጣ አብዛኛውን ጊዜ አያሳምም። ብዙ ሰው የሚያውቀው ስትሮክ ከጣለው በኋላ ነው።

ከንፈር፣ ምላስ ወይም ፊት ካበጠ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ክኒኑ ያኔውኑ ይቁም፤ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። እብጠቱ አየር ሊዘጋ ይችላል።

ጥያቄ፦ ኢናላፕሪል እወስዳለሁ፣ ማርገዝ እፈልጋለሁ።

መልስ፦ ከማርገዝሽ በፊት ሐኪምሽ ይቀይርልሽ። የጽንሱን ኩላሊት ይጎዳል። አርግዘሽ ከሆነ ቀጠሮሽን አትጠብቂ፣ ዛሬውኑ ሂጂ። እንደ ሜቲልዶፓ ያሉ ለእርጉዝ የሚሰጡ መድኃኒቶች አሉ።

ጥያቄ፦ የስኳር መድኃኒቴ ሲታግሊፕቲንም እንዲሁ ነው የሚሠራው?

መልስ፦ ዘዴው አንድ ነው፣ ኢንዛይሙ ይለያል። ዲፒፒ-4 የተባለው ኢንዛይም ጂኤልፒ-1 የሚባለውን የአንጀት ሆርሞን በደቂቃዎች ውስጥ ይቆርጠዋል። ሲታግሊፕቲን ኢንዛይሙን ሲያግድ ሆርሞኑ ይቆያል፤ ከምግብ በኋላ ኢንሱሊን እንዲወጣ ያግዛል። የቀረውን ፋርማሲስትህን ጠይቅ።

ጥያቄ፦ የግፊት ክኒን ከእባብ መርዝ ይሠራል የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ ክኒኑ ውስጥ መርዝ የለም። እንደ ኢናላፕሪል ኤሲኢን ከሚያግዱት መድኃኒቶች በአፍ የሚወሰደው የመጀመሪያው ካፕቶፕሪል ነው። ሐሳቡ የመጣው በብራዚል እባብ መርዝ ውስጥ ኤሲኢን የሚያግዱ ፔፕታይዶች በመገኘታቸው ነው። ክኒኑ ራሱ በላቦራቶሪ የተቀመመ ነው። አሜሪካ ውስጥ በ1981 እ.ኤ.አ. ተፈቀደ።

ጥያቄ፦ ኢናላፕሪል ከምግብ በፊት ነው በኋላ?

መልስ፦ እንደተመቸህ፤ ሰዓቱን ብቻ አታዛባ።