ተቀባዩ ፕሮቲን ሲያዝ ዝም ያሰኛል

ጠያቂያችን «ባክቴሪያ ውጭ ያለውን ምግብ የሚያውቀው ወደ ውስጥ ካስገባው በኋላ ነው? ካልሆነስ መልእክቱ ሽፋኑን እንዴት ይሻገራል?» ብለዋል። ተማሪዎችን በቤተ ሙከራ ሳለማምድ ደጋግሞ የሚነሳ ጥያቄ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

የመጀመሪያውን ጥያቄ የባዮኬሚስትሪ ተመራማሪው ጁሊየስ አድለር በ1969 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) መልሶታል፦ ጋላክቶስ የተባለውን ስኳር ለምግብነት መጠቀም የማይችሉ ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ ዝርያዎችም ወደ ጋላክቶስ ይዋኛሉ። መብላት ግድ አይደለም፤ ከውጭ መነካካት ይበቃል።

አስፓርቴት የተባለውን አሚኖ አሲድ የሚይዘው ታር የተባለው ተቀባይ ፕሮቲን ነው። አስፓርቴቱ ራሱ የውስጠኛውን ሽፋን ሳያልፍ ከታር ውጫዊ ክፍል ጋር ይጣበቃል። ያኔ ሽፋኑን አቋርጦ የሚያልፈው የታር ዘንግ ወደ ውስጥ ሸርተት ይላል፤ መጠኑ ከናኖሜትር ክፋይ አይበልጥም። ይህችው ሽርተታ ከታች የተያያዘውን ኪ-ኤ የተባለ ኢንዛይም ትደርሰዋለች።

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። «ተቀባዩ ሲያዝ ኢንዛይሙ ይነቃል» ይላሉ፤ ነገሩ ተቃራኒው ነው። ኪ-ኤ የሚሠራው ተቀባዩ ባዶ ሳለ ነው፦ ፎስፌት የተባለ ኬሚካላዊ ቁራጭ ኪ-ዋይ ለተባለ ፕሮቲን ያቀብላል፣ ኪ-ዋይ የመዋኛ ጅራፎቹን ወደሚያዞረው ሞተር ሄዶ አዟዟሩን ይቀይራል፣ ባክቴሪያውም ተገለባብጦ አቅጣጫ ይለውጣል። አስፓርቴት ሲመጣ ኪ-ኤ ዝም ይላል፤ መገለባበጡ ይቀንስና ባክቴሪያው በያዘው መንገድ ይገፋል።

ታዲያ ምግብ በሞላበት ቦታ ዝንተ ዓለም ቀጥ ብሎ ለምን አይዋኝም? ሌሎች ሁለት ኢንዛይሞች በተቀባዩ ላይ ሜቲል የተባለ ትንሽ ኬሚካላዊ ቁራጭ እየጨመሩና እየቀነሱ ሚዛኑን ስለሚመልሱለት ነው። ሥራቸው ዘገምተኛ ስለሆነ የሜቲሉ ብዛት ከጥቂት ሰከንዶች በፊት የነበረውን ይዞ ይቆያል። በእኔ ግምት የሥርዓቱ ብልሃት ያለው እዚህ ነው፦ ሁለት ማይክሮሜትር ያህል የሆነ አካል ፊትና ኋላውን ከማነጻጸር ይልቅ አሁንን ከቅድም ጋር ያነጻጽራል።

በዓይን ማየት ከፈለጉ 0.3 በመቶ አጋር (እንደ ጄሊ የሚያረጋ ነገር) እና ትሪፕቶን (አሚኖ አሲዶች ያሉት የባክቴሪያ ምግብ) ባለው ለስላሳ ሳህን መሃል ጥቂት ባክቴሪያ ይትከሉ። እየሰፉ የሚሄዱ ቀለበቶች ይታያሉ፤ የውጭው ሴሪን የተባለውን ሌላ አሚኖ አሲድ፣ የውስጡ አስፓርቴትን የሚከተሉት ናቸው። ኪ-ዋይ የሌለው ዝርያ ግን፣ ያለማቋረጥ ቀጥ ብሎ ቢዋኝም፣ ብዙም አይሰፋም፤ ተገለባብጦ መመለስ ስለማይችል በአጋሩ ቀዳዳዎች ውስጥ ይቀረቀራል። ሙቀቱን 30 ዲግሪ ላይ ያቆዩት፤ ግሉኮስም አይጨምሩ፣ የመዋኛ ጅራፎቹን መሥራት ያስተወዋል።