«ቴርሞሜትር» ላሉሽ

ከጀርመን የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። ፕሮፌሰርሽ ለማስተርስ መመረቂያሽ ሁለት ርዕስ አቅርበውልሻል። አንዱ በብርሃን በሚታዘዝ ማይክሮቺፕ ሴሎችን መልቀምና መለየት ነው፤ ሌላው በዚያው ቺፕ ውስጥ የሚፈጠረውን ሙቀት መለካት። ሁለተኛውን «ላንቺ ቀለል ይላል» ብለው ወዳንቺ ገፋ ማድረጋቸው አስከፍቶሻል። ጓደኞችሽም ከአሁኑ «ቴርሞሜትር» ይሉሽ ጀምረዋል። እስከ ዓርብ መወሰን አለብሽ።

ሙቀቱን ውሰጂ።

ብዕር ያስነሳኝ ያ «ቀለል ይላል» የሚለው ቃል ነው። ቺፑን አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ለሌላው አንባቢ ስል ላስረዳ። ኮረንቲ በሚያስተላልፍ ስስ ሽፋን የተቀቡ ሁለት መስታወቶች አሉ፤ በአንዱ ላይ አንድ ማይክሮሜትር ገደማ የሚሆን ሲሊከን ተነጥፏል። በመካከላቸው ሴሎቹ የሚዋኙበት ፈሳሽ አለ። ብርሃን ያረፈበት ሲሊከን ብቻ ኮረንቲ ያሳልፋል፤ ሴሉም በዚያ ቦታ ይሳባል ወይም ይገፋል። በአሜሪካ የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህን በ2005 ሲያሳዩ ዓለምን ያስደነቀው፣ አርተር አሽኪን ለ2018ቱ ኖቤል የበቃበት የሌዘር ወረንጦ (ጥቃቅን ነገሮችን በሌዘር ብርሃን የሚይዝ መሣሪያ) ከሚፈልገው ብርሃን 100 ሺህ ጊዜ ያህል ያነሰ የብርሃን ጥንካሬ መጠየቁ ነበር። ብዙ ሰው «ብርሃኑ ትንሽ ከሆነ ሙቀት የለም» ብሎ እዚያው ላይ አርፏል።

ኮረንቲውስ? እስኪ በወረቀት ላይ አስይው። 10 ቮልት ሙሉ በሙሉ ፈሳሹ ላይ ቢያርፍና ፈሳሹ ጨው የተቀነሰለት ቢሆን፣ ማለትም አስተላላፊነቱ በሜትር 0.01 ሲመንስ ቢሆን፣ የሙቀት ጭማሪው 0.2 ዲግሪ አካባቢ ነው። ያንኑ ቮልት ሴል በሚራባበት ጨዋማ ፈሳሽ፣ 1.5 ሲመንስ ላይ አድርጊው፤ ስሌቱ 30 ዲግሪ ይሰጥሻል። ቮልቱ እጥፍ ሲሆን ደግሞ ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። 37 የለመደ ሴል 42 አካባቢ ሲደርስ ይጨነቃል፤ ራሱን ለማዳን ሌሎች ፕሮቲኖች ማምረት ይጀምራል። እንግዲህ ሴል መልቀሙን የሚወስደው ጓደኛሽ «የታመመውን ሴል ለይቼ አወጣሁ» ሲል፣ ሴሉ ታሞ ነው ወይስ እሱ ራሱ አሙቆት? ይህን መመለስ የምትችለው «ቴርሞሜትሯ» ናት።

መለካቱም ቢሆን እንደሚወራው አይደለም። የቴርሞሜትር ሽቦ እንዳታስገቢ ክፍተቱ 100 ማይክሮሜትር ያህል ነው፤ ብረቱም ራሱ የኤሌክትሪክ መስኩን ያዛባል። የሙቀት ካሜራ የሚያየው የመስታወቱን ፊት እንጂ ውሃውን አይደለም። የሚቀርሽ እንደ ሮዳሚን ቢ ያለ አብሪ ቀለም ነው፤ ሙቀቱ በ1 ዲግሪ ሲጨምር ድምቀቱ ከ1 እስከ 2 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ታዲያ ቺፑን የሚያዘው ብርሃን ቀለሙንም ያነጣዋል። ደብዝዞ ስታዪው ሞቀ ትያለሽ፤ ለካ ቀለሙ ነጥቶ ነው! ስለዚህ ሙቀት ብዙም የማይነካውን ሮዳሚን 110 ጨምሪና በሁለቱ ድምቀት ንጽጽር ሥሪ። ኮረንቲው ጠፍቶ ብርሃኑ ብቻ የበራበትን ልኬት ደግሞ ሳትይዢ ምንም እንዳትጽፊ።

እኔ ኤሌክትሪካል ተመርቄ የገባሁት ሆስፒታል ውስጥ መሣሪያ ጥገና ነበር። አንድ ቀን ስክሪኑ 36 የሚል የጨቅላ ኢንኩቤተር ውስጥ የራሴን መለኪያ ባስገባ 39 አነበበ። ነርሷ ስክሪኑን አየች፣ እኔን አየች። ያ ሣጥን እንደዚያ ሆኖ ስንት ጊዜ እንደቆየ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። በዓመቱ ጥገናውን ትቼ ወደ ካሊብሬሽን፣ ማለትም መለኪያዎች ልክ መሆናቸውን ወደ መፈተሽና ማስተካከል ዞርኩ፤ 11 ዓመት ሠራሁበት፣ ልጆቼንም ያሳደግሁት በሱ ነው።

ሴል መልቀሙ ቪዲዮው ያምራል፤ አልክድም። ነገር ግን ይህን ቴክኖሎጂ ለገበያ ያወጣው በርክሌይ ላይትስ የተባለው ኩባንያ በ2020 ናስዳክ የተባለው የአሜሪካ አክሲዮን ገበያ ገብቶ፣ በ2023 ስሙን ፊኖምኤክስ ብሎ፣ በዚያው ዓመት ብሩከር በተባለ ሌላ ኩባንያ ተገዛ። በአንድ ማሽን ላይ ብቻ የሠለጠነ ሰው የማሽኑ ዕጣ ይከተለዋል። የሙቀት ልኬት ግን ፒሲአርም፣ ባትሪም፣ የኮምፒውተር ቺፕም ይፈልገዋል። ሲቪሽ ላይ «ሙቀት ለካሁ» ብለሽ እንዳትጽፊ ብቻ። ስህተትሽ ስንት ዲግሪ እንደሆነና እንዴት እንዳረጋገጥሽው ጻፊ፤ የቀጣሪን ዓይን የሚያቆመው እሱ ነው።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ ቅር አይበልሽና፣ ከተማሪ ሥራሽ ቆጥበሽ ባለፈው ወር ለቤተሰብ የላክሽው 150 ዩሮ ለታናሽሽ ስልክ እንደዋለ ራስሽ ጽፈሻል። ይህ እናትን መጦር አይደለም። «እስክመረቅ ስድስት ወር አልልክም» ብለሽ ደውዪላቸው፤ ለእናትሽ መድኃኒት ከሆነ ብቻ ላኪ። ቨርጂኒያ ያለው ታላቅ ወንድምሽ «ትተሽ ነይ፣ የአይቲ ሰርተፊኬት ያዢ» ማለቱ ከፍቅር ነው። ግን እሱ ያገኘው መንገድ ይህ ብቻ ስለሆነ ነው የሚመክርሽ፤ አንቺ ግማሽ መንገድ ሄደሻል።

ጀርመንኛሽ ቢ1 (መካከለኛ ደረጃ) ላይ ከሆነ ለኩባንያ አይበቃም፤ ግፊበት። ከተመረቅሽ በኋላ ሥራ መፈለጊያ 18 ወር ይሰጥሻል፤ ያን ጊዜ ቋንቋ መጀመር ዘግይቷል። ዕድሜሽን ያነሳሽው ደግሞ፣ 28 ዓመት ምኑ ነው ዕድሜ የሚያስብለው?

ከዓርብ በፊት ፕሮፌሰርሽን ሁለት ነገር ጠይቂያቸው፦ ሙቀቱ የሚስተካከል የማይክሮስኮፕ ማስቀመጫ አላቸው ወይ? ውጤቱ በጆርናል ሲወጣ ስምሽ ስንተኛ ላይ ይሆናል? ለመጀመሪያው «የለም» ካሉ መልሰሽ ጻፊልኝ፤ ያለሱ ቀለሙን ካሊብሬት ማድረግ አትችዪም፣ ያኔ እኔም ምክሬን አስብበታለሁ።