የዲኤክስ የኋላ እግር፦ ዲፈረንሻሉን ከመለወጥህ በፊት

ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ። ጥያቄህን አነበብኩት። ደብረ ሲና ላይ የምትነዳው አሮጌ ኮሮላ ዲኤክስ ሲነሣ ከኋላ «ቋ» ይላል፣ ኩርባ ላይ ኋላው ይወዛወዛል፣ ፈጠን ስትል ደግሞ ይጮሃል። መካኒኩ ዲፈረንሻሉን (የሞተሩን ኃይል ለኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለውን የጥርስ ሳጥን) በሙሉ አውጥተህ ሌላ ያገለገለ አስገባ ብሎሃል፤ አንተ ደግሞ የኋላውን እግር (አክስሉን ከነክንዶቹና ከነሞላው) በአንድ ጊዜ አውርዶ ማደስ አይሻልም ወይ ብለሃል። እኔ የደብረ ብርሃን ሰው ነኝ፤ ለዓመታት የነዳሁት ይህንኑ መኪና ነው፤ የኋላ እግሩንም ከመካኒክ ጋር ሆኜ ሙሉ ለሙሉ አውርጄ ሠርቼዋለሁ። ሐሳብህ ትክክል ነው፦ እግሩን አውርድ፤ ዲፈረንሻሉን ግን ጥፋቱ የእሱ መሆኑ ሳይረጋገጥ እንዳትነካው።

ይህ እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው የኮሮላ ትውልድ የሚገፋው በኋላ ጎማዎቹ ነው። የኋላው አክስል አንድ ወጥ ሲሆን በአራት ክንዶችና በአንድ አግዳሚ ዘንግ ተይዞ በሞላ ላይ ይቀመጣል። እያንዳንዱ ክንድና አግዳሚው ዘንግ በሁለቱም ጫፍ ጎሚኒ (የላስቲክ ትራስ) አለው፤ በጠቅላላው አሥር ጎሚኒ ማለት ነው። ኋላው ኩርባ ላይ የሚወዛወዘው ብዙ ጊዜ እነዚህ ስላለቁ ነው፤ በተለይ የአግዳሚው ዘንግ ጎሚኒ ሲበላ አክስሉ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይሄዳል። መኪናው መሬት ላይ እንደቆመ በክንዱና በማሰሪያው መካከል ጠንካራ ብረት አስገብተህ ነቅነቅ አድርገው። የጎሚኒው ላስቲክ ተሰነጣጥቆ ብረቱ ከመሃል ሲዘል በዓይንህ ታየዋለህ።

«ቋ» የሚለውን ድምፅ በተመለከተ መጀመሪያ ክሮቼራዎቹን (በዘንጉ ጫፎች ላይ ያሉትን የመስቀል መገጣጠሚያዎች) ጠርጥር። ጎማዎቹን በድንጋይ አግድ፣ ማርሹን ዜሮ ላይ አድርግ፣ ከሥር ገብተህ ከካምቢዮ (ከማርሽ ሳጥኑ) ወደ ዲፈረንሻል የሚሄደውን ዘንግ ወዲህና ወዲያ አዙረው። ክሮቼራው ውስጥ ክፍተት ካለ እጅህ ያውቀዋል። ከዚያ በፊት ግን የክሮቼራውን ቆቦች አስተውል፤ በዙሪያቸው እንደ በርበሬ የደቀቀ ቀይ የዝገት ዱቄት ካየህ ውስጡ ግራሶ የለም፣ መርፌዎቹም ተበልተዋል። ዘንጉን ከመፍታትህ በፊት ሁለቱንም ጫፍ በቀለም ምልክት አድርግበት። ምልክቱን የሚንቅ መካኒክ ካጋጠመህ ቀለሙን ራስህ ቀባ፤ አቀማመጡ ተዛንፎ ከታሰረ አዲስ ክሮቼራ የገባለት መኪና ከቀድሞው ብሶ ይንቀጠቀጣል።

ጩኸቱን ለመለየት መንገድ ላይ መውጣት ያስፈልጋል። ቁልቁለት ላይ አይሆንም፤ ከደብረ ብርሃን ወደ ጫጫ ያለው ሜዳ ጥሩ ነው። ነዳጅ ስትረግጥ ጮሆ ስትለቅ የሚጠፋ፣ ወይም በተቃራኒው የሚሆን ከሆነ ነገሩ ከኮሮናና ከፒኞን (ዲፈረንሻሉ ውስጥ ካሉት ትልቁና ትንሹ ባለጥርስ) ጋር ነው። ነዳጅ ብትረግጥም ብትለቅም ሳይለወጥ ወደ አንድ ጎን ስትታጠፍ ብቻ የሚጨምር ከሆነ የጎማው ኩሽኔታ (ዘንጉ የሚዞርበት ቤሪንግ) ነው። የአስፋልቱ ዓይነት ሲለወጥ አብሮ የሚለወጥ ከሆነ ደግሞ ጎማውን ራሱን ተመልከት። ብዙ ሰው በኩሽኔታ ጥፋት ዲፈረንሻል ይገዛል፤ ይህ በጣም ያሳዝነኛል። አዲስ አበባ ሱማሌ ተራ፣ የመለዋወጫ ገበያው ውስጥ የምታገኘው ያገለገለ ዲፈረንሻል ማን እንደነዳው፣ ያለ ዘይት ስንት ጊዜ እንደሄደ የሚነግርህ የለም። የጥርሱ ቁጥር ከአንተ ጋር ካልገጠመ ደግሞ የፍጥነት ቆጣሪህ ይዋሻል፣ ዳገት ላይም ጉልበቱ ይለወጣል። የግድ መግዛት ካለብህ የኮሮናውን ጥርስ ለፒኞኑ ጥርስ አካፍለህ ከራስህ ጋር አስተያየው።

የራስህን ዲፈረንሻል ዘይት ስታወርድ በመጀመሪያ ላይኛውን የመሙያ ቡሎን ፍታ። ዘይቱን አፍስሰህ ከጨረስክ በኋላ መሙያው አልፈታ ካለህ መኪናው እዚያው ቆሞ ይቀራል። ከታች የሚገኘው ግራጫ፣ የላመ ጭቃ የዕድሜ ነው፣ አያስደንግጥህ። በጣት የሚያዝ የብረት ስባሪ ካገኘህ ግን የመካኒኩን ምክር ተቀበል። ስባሪ ከሌለ የፒኞኑን ዳዶ (ማሰሪያ ነት) ማንም እንዳይነካው፤ የዚያ ዳዶ ጥብቀት የውስጡን ኩሽኔታ ጫና የሚወስን ነው፤ በግምት ጠብቆ ከታሰረ ደህናው ዲፈረንሻል ያኔ መጮህ ይጀምራል። የሚገባው ቁጥር 90፣ ደረጃው ጂኤል 5 የሆነ ዘይት ነው፤ መኪናው በሜዳ ላይ ቆሞ ከመሙያው ቀዳዳ ከንፈር እስኪደርስ ሙላ። ይህንኑ ዘይት ወደ ካምቢዮ አታስገባ፤ እሱ ጂኤል 4 ይፈልጋል።

አንድ ነገር ሰዎች ሲዘነጉት አያለሁ፦ በአክስሉ አናት ላይ ያለችው ትንሽ መተንፈሻ። የእኛ አገር ጭቃ ይደፍናታል። ከደብረ ሲና በላይ ያለው ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ከታች ያለው ሸዋ ሮቢት ወደ 1,300 ሜትር ይጠጋል። ከሮቢት ወደ ላይ ስትወጣ የውጭው አየር ግፊት ይቀንሳል፣ አክስሉም በሥራ ይግላል፤ ውስጡ ያለው አየር መውጫ ሲያጣ ዘይቱን በጎማው ዘንግ ኦይል ሲል (ዘይት እንዳይወጣ በሚያግደው ቀለበት) በኩል ይገፋዋል። ኦይል ሲሉ በየጊዜው ተለውጦ እየፈሰሰ የሚያስቸግራቸው ሰዎች ብዙ ጊዜ ችግራቸው ይቺ ናት። የፈሰሰው ዘይት ደግሞ የሚያርፈው የፍሬን ሸራ ላይ ነው፤ በዚያ ቁልቁለት ዘይት የነካው ሸራ ይዘህ መውረድ ነፍስህን ማስያዝ ነው። ስለዚህ ታምቡሩ (የፍሬኑ ከበሮ) ሲወልቅ ዘይት የጠጣ ሸራ ካገኘህ በቤንዚን አጥበህ አትመልሰው፤ በጥንድ ለውጠው። የጎማው ዘንግ ኩሽኔታ በፕሬስ የሚገባ ስለሆነ በመዶሻ እንዳይመቱት፤ የሚይዘውም ቀለበት አንዴ ከወጣ አዲስ ይገባለታል።

ሞላና ሾክ አብዞርበር በጥንድ ይለወጣሉ፤ ብዙ የሚባልበት የለም። ወደ መሐል ሜዳና ሞላሌ የሚመላለሱ ሰዎች ግን ኋላውን ለማስነሣት በሞላው መካከል ጎማ ይወትፋሉ ወይም ረጅም ሞላ ያስገባሉ፤ ይህ ከካምቢዮ የሚመጣውን ዘንግ ማዕዘን ስለሚያበላሽ ክሮቼራ ቶሎ ይጨርሳል። መኪናውም በክሪክ ብቻ ተነሥቶ ሰው ከሥሩ አይገባም፤ በካቫሌቶ (በብረት መቆሚያ) ይደገፍ።

ጎሚኒዎቹ ሲገቡ የክንዶቹን ቡሎኖች በቦታቸው አስገባ እንጂ አክስሉ ተንጠልጥሎ ሳለ አታጥብቃቸው። ብዙ ጋራዥ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የጎሚኒው ላስቲክ ከብረቱ ጋር የተጣበቀ ስለሆነ፣ ተንጠልጥሎ ከጠበቀ መኪናው መሬት ሲረግጥ ተጠምዞ ይቀራል፣ ብዙም ሳይቆይ ይቀደዳል። መኪናውን ወደ መሬት አውርድ፣ በኋላው የዕቃ ቦታ ላይ ተጭነህ ጥቂት አወዛውዘው፣ የመኪናው ክብደት በጎማዎቹ ላይ እንዳለ ጥብቅ አድርገህ እሰር። ከጥቂት ቀናት መንዳት በኋላ እንደገና ቡሎኖቹን ሁሉ ዳስሳቸው፤ ወደ ሮቢት ከመውረድህ በፊትም አንዱን ታምቡር አውልቀህ ሸራው ደረቅ መሆኑን እይ።