መልስ፦ ባጃጅ ውስጥ ስለተሰረቀው ስልክ

«መጀመሪያ ፖሊስ ጋ ልሂድ ወይስ ሲሙን ላዘጋ?» ላልከው፣ ሲሙን አዘጋ፣ አሁኑኑ። ከአባይ ማዶ ወደ ገበያ ስትሄድ ባጃጅ ውስጥ የመነተፈህ ሰው ስልኩን ሳይሸጥ በፊት ቴሌብርህን ሊሞክር ይችላል።

በሰው ስልክ 994 ደውል፤ ሲሙንም ቴሌብሩንም አስዘጋ። የባንክ አፕ ከነበረህ ለባንክህም ደውል፤ ንግድ ባንክ 951 ነው።

ሲሙ በወንድምህ ስም ነው ብለሃል። እንግዲያው ምትክ የሚያወጣው እሱ ነው፣ መታወቂያውን ይዞ። ብቻህን ብትሄድ ተሰልፈህ ትመለሳለህ።

ከዚያ ፖሊስ። የስልኩን ካርቶን ፈልግ፤ ላዩ ላይ 15 አሃዝ ያለው አይኤምኢአይ የሚባል ቁጥር ተለጥፏል። ስልኩ ቢገኝ ያንተ መሆኑን የሚያስረዳልህ እሱ ነው።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ። የኔን አምና የወሰዱብኝ ጣና ዳር የዘጌ ጀልባ ስጠብቅ ነው። በሦስተኛው ቀን እህቴ ጋ አንድ ትሁት ሰውዬ ደወለ፦ «ስልኩን አግኝቼዋለሁ፣ የባለቤቱ መሆኑን እንዳረጋግጥ መክፈቻ ቁጥሩን ንገሪኝ»። ሁለቱን አሃዝ ነግራው ሦስተኛው ላይ ነጠቅኳት። ለቤተሰብህ ዛሬውኑ ንገራቸው።

ፎቶዎቹ ግን ያንገበግባሉ፣ አልዋሽህም።